የተሽከርካሪ መግቢያና መዞሪያ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ

ሰው መኖሪያ ቤት ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳው ጥንካሬ፥ ስለ ጣሪያው ዓይነትና ስለ ክፍሎቹ ብዛት ነው። ቤቱ አልቆ፥ አጥሩ ታጥሮ፥ በሩም ከተተከለ በኋላ ግን አንድ ቀን የጭነት መኪና ከደጅ ይቆማል። እህል ያመጣ፥ ውሃ የጫነ ወይም በሽተኛ ሊወስድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በሩ ጠባብ ሆኖ ይገኛል። መኪናው እንደ ምንም ቢገባ እንኳ መዞሪያ ያጣል። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ «ና! ና! በቃ!» እያለ ሲጮኽ፥ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ለመውጣት ይገደዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በመጨረሻ የታሰበ መግቢያ ባለቤቱን ዘወትር ሲያስቸግር ይኖራል። በዚህ ምንባብ የመኪና መግቢያ፥ መዞሪያና ማቆሚያ ከቤቱ በፊት እንዴት እንደሚታቀድ እንመለከታለን።

ለምሳሌነት የምንወስደው ቦታ በምሥራቅ ሱዳን፥ በገዳሪፍ ግዛት፥ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ የሚገኘው መንደር 8 ነው። በሱዳን ሰቲት ተብሎ በሚጠራው በተከዜና በላይኛው አትባራ ወንዞች ላይ የተሠራው፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጥንድ ግድብ ብዙ ሰዎችን ከነባር ቀዬአቸው አንሥቷል። ለእነዚህ ሰዎች አዳዲስ መንደሮች ሲሠሩ በስም ፈንታ በቁጥር ተጠሩ፤ መንደር 8 ከእነርሱ አንዱ ነው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድንበሩን እየተሻገሩ ከገቡት ስደተኞች ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በዚህ መንደር ነበር። ከዚያም በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ኡም ራኩባና በዚያው ዓመት ወደ ተከፈተው ወደ ቱናይድባ መጠለያ ጣቢያ ይወሰዱ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰው፥ አህያ፥ ጋሪ፥ የውሃ ቦቴና የእህል መኪና በአንድ ጠባብ ቦታ ተገናኙ። ለተሽከርካሪ የሚሆን ቦታ አስቀድሞ መለየት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

«መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና መግቢያ ለምን ይጨነቃል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አስቸጋሪ አይደለም። ቤተሰቡ መኪና ባይኖረውም መኪና ወደ ቤቱ መምጣቱ አይቀርም። የገዳሪፍ ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ትራክተሩ ተሳቢውን እየጎተተ ይመጣል። በበጋ ውሃ በቦቴ ወይም በአህያ ጋሪ ይቀርባል። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ትወሰዳለች። ሠርግና ሐዘን ሲሆን ደግሞ ድንኳን፥ ወንበርና እንግዳ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ የመኪና መግቢያ የሀብታም ቤት ጌጥ ሳይሆን፥ እንደ ጉድጓድ ውሃና እንደ መጸዳጃ ቤት ሁሉ ከመኖሪያ ግቢ መሠረታዊ ክፍሎች አንዱ ነው።

በዕቅዱ ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ግቢው የሚገባውን ተሽከርካሪ መጠን ማወቅ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፥ ሱዳኖች ራክሻ የሚሉት፥ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ሴንቲሜትር፥ ስፋቱም 1 ሜትር ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ትንሽ የቤት መኪና 4 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ይጠጋል። ከኋላው ጭነት የሚይዘው ፒካፕ ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመትና 1 ሜትር ከ90 ያህል ስፋት አለው። እንደ አይሱዙ ያሉ መካከለኛ የጭነት መኪኖች 6 ወይም 7 ሜትር ይረዝማሉ። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። መኪናው የቆመበት ቦታ ብቻ መለካቱ አይበቃም፤ በሩ ሲከፈት፥ ሰው ሲወርድና ጭነት ሲራገፍ በየጎኑ ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ለአንድ ትንሽ መኪና ማቆሚያ በልማድ 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ይመደባል። ለፒካፕ ግን 3 ሜትር በ6 ሜትር ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው እርምጃ መኪና እንዴት እንደሚዞር መረዳት ነው። ሰው ባለበት ቆሞ ፊቱን ማዞር ይችላል፤ መኪና ግን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካልሄደ በቀር ሊዞር አይችልም። ከዚህም በላይ በመሪ የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ብቻ ስለሆኑ፥ መኪናው በሚዞርበት ጊዜ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጠኛው ማዕዘን ጠጋ ብሎ ያቋርጣል። የፊት ጎማው በሰላም ያለፈውን የአጥር ማዕዘን የኋላ ጎማው የሚገጨው ስለዚህ ነው። መኪናው በረዘመ መጠን ይህ ማቋረጥ እየጨመረ ይሄዳል። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አንድ ሙሉ ክብ ቢሠራ፥ የክቡ ዲያሜትር ለባጃጅ 6 ሜትር፥ ለትንሽ መኪና ከ10 እስከ 12 ሜትር፥ ለፒካፕ ከ12 እስከ 13 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለመካከለኛ የጭነት መኪና ደግሞ 14 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰፊ ክብ በብዙ ግቢዎች ውስጥ አይገኝም። ሆኖም መኪና ለመዞር የግድ ሙሉ ክብ አያስፈልገውም። ከመግቢያው መንገድ በአንድ በኩል አጭር ቅርንጫፍ ቢወጣለት፥ መኪናው ጀርባውን ወደ ቅርንጫፉ አስገብቶ፥ አፍንጫውን ወደ በሩ መልሶ ሊወጣ ይችላል። ይህ ዓይነቱ መዞሪያ ቦታ ይቆጥባል፤ ወጪም ይቀንሳል። ዋናው ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም መኪናው ወደ ግቢው ፊቱን አዙሮ እንደ ገባ ሁሉ፥ ወደ መንገዱም ፊቱን አዙሮ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከግቢ ወደ መንገድ በኋላ ማርሽ የሚወጣ ሾፌር ከጀርባው ያለውን ሁሉ ማየት አይችልም። በተለይ ቁመቱ ከመኪናው የኋላ መስኮት በታች የሆነ ሕፃን ፈጽሞ ላይታየው ይችላል።

የተባለውን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እናጠናክረው። በመንደር 8 ወርዱ 20 ሜትር፥ ርዝመቱ 25 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ተሰጠ እንበል። መንገዱ በስተደቡብ ነው። ቤተሰቡ የሰሊጥ ጆንያ የሚያመላልስበት አንድ ፒካፕ አለው። የመኪናው በር ከደቡቡ አጥር ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ 4 ሜትር ሰፍቶ ይተከላል። ከበሩ ጀምሮ የምሥራቁን አጥር ተከትሎ 4 ሜትር ወርድ ያለው መንገድ 20 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለቀጥታ መንገድ 3 ሜትር ወርድ በቂ ቢሆንም፥ በአንድ ወገን አጥር ሲኖርና መኪናው በመንገዱ ላይ ሲዞር አፍንጫው ወደ ውጭ ስለሚወረወር 4 ሜትር ማድረጉ ይበጃል። ከበሩ 8 ሜትር ገባ ብሎ፥ በስተግራ በኩል፥ ወርዱ 4 ሜትር፥ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ ይወጣል። ቅርንጫፉ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ማዕዘኖች ሹል መሆን የለባቸውም፤ በ4 ሜትር ሬዲየስ ክብ ተደርገው ይቆረጣሉ።

ፒካፑ ከበሩ ገብቶ ቅርንጫፉን አልፎ በመንገዱ መጨረሻ ይቆማል። ሊወጣ ሲል ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እየሄደ ጀርባውን በቅርንጫፉ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያም መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ ፊት ለፊት ከበሩ ይወጣል። መንገዱ 80 ካሬ ሜትር፥ ቅርንጫፉ 24 ካሬ ሜትር፥ ክብ የሆኑት ማዕዘኖች የሚጨምሩት ደግሞ 7 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 111 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም ከ500 ካሬ ሜትሩ ግቢ አንድ አምስተኛውን በጥቂቱ ያልፋል። ከግቢው በስተ ሰሜን ምዕራብ 10 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ቤት፥ ከፊት ለፊቱም የአትክልት ቦታ ይተርፋል። አንድ አምስተኛውን ለመኪና መተው ብክነት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ቤቱን አስቀድሞ በግቢው መካከል ቢሠራው ኖሮ፥ ቦታው ሳይጎድል መዞሪያ ያጣ ነበር። ያው ግቢ፥ ያው ቤት፥ ያው መኪና ሆኖ ልዩነቱን የሚያመጣው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። መዞሪያው ባዶ ሆኖ ሲታይ ቀስ በቀስ የማገዶ መከመሪያ፥ የበርሜል ማስቀመጫ ወይም የእንግዳ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። የተያዘ መዞሪያ ደግሞ ከሌለ መዞሪያ አይሻልም። በመሆኑም ለእንግዳ መኪና ሌላ ቦታ ሊለይ፥ መዞሪያውም ዘወትር ባዶ ሊሆን ይገባዋል።

ዕቅዱ በወረቀት ካለቀ በኋላ መሬት ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አይጠየቅም፤ ሜትር፥ ችካል፥ ሲባጎና ጥቂት አመድ ይበቃሉ። የበሩ፥ የመንገዱና የቅርንጫፉ ማዕዘኖች በችካል ይመለከታሉ፤ በችካሎቹ መካከል ሲባጎ ይወጠራል። ክብ ማዕዘኑን ለመሥራት አንድ ችካል በመካከል ይተከልና 4 ሜትር የሆነ ገመድ ይታሰርበታል። የገመዱን ጫፍ ይዞ እየዞሩ አመድ ቢነሰንሱ የማዕዘኑ ቅርጽ መሬት ላይ ይወጣል። ከዚያ አንድ ፒካፕ ተለምኖ በተሠመረው መሥመር ውስጥ ይገባል፤ ይዞራል፤ ይወጣል። ጎማው ሲባጎውን ከረገጠ መሥመሩ ይሰፋል። ችካል መንቀል ቀላል ነው፤ ግድግዳ ማፍረስ ግን ከባድ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ አፈሩ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ አፈር በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በእኛም አገር በሑመራ፥ በመተማና በፎገራ ሜዳ ይኸው አፈር ይገኛል። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል፥ ይላቁጣል፥ ጎማም ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ጊዜ በዚያ አካባቢ ያልተነጠፈ መንገድ ለከባድ መኪና የማይታለፍ ይሆናል። በግቢ ውስጥም ቢሆን በዋልካ ላይ በቀጥታ የተነዳ መኪና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥልቅ ጎድጓዳ ያወጣል። ስለዚህ የላይኛው አፈር 30 ሴንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ ይወጣና በፈንታው ድንጋይና ገረጋንቲ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። የመንገዱም ገጽ ከአካባቢው መሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ውሃ እንዳይቆምበት በየአንድ ሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብል ተደርጎ፥ በዚያ ጎን ቦይ ይቆፈርለታል። ቦዩ በበሩ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ቱቦ ይቀበራል።

ለመንገዱ ሁሉ ድንጋይ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ጎማዎቹ የሚያልፉባቸውን ሁለት መሥመሮች ብቻ፥ እያንዳንዳቸውን 80 ሴንቲሜትር አድርጎ፥ ሊያነጥፍ ይችላል። በመካከላቸው ያለው ቦታ ሣር ቢለብስ ጉዳት የለውም። መዞሪያው ግን ጎማው በየአቅጣጫው ስለሚሄድበት ሙሉ በሙሉ መነጠፍ አለበት።

ስለ በሩም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የበሩ መዝጊያዎች ወደ ግቢው ውስጥ እንጂ ወደ መንገዱ መከፈት የለባቸውም፤ ወደ ውጭ የሚከፈት በር መንገደኛ ይመታል። ቦታ ከተገኘም በሩ ከመንገዱ 5 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ፥ መኪናው በሩ እስኪከፈትለት ድረስ መንገዱን ሳይዘጋ ሊጠብቅ ይችላል። ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ያህል አጥሩ ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ሾፌሩ የሚያልፈውን ሰው፥ አህያና ጋሪ አስቀድሞ ያያል። በኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም.፥ በሱዳንም ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽከርካሪ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው። በዚህም ምክንያት ሾፌሩ የሚቀመጠው በመኪናው ግራ በኩል ስለሆነ በቀኙ ያለውን ትንሽ ነገር ለማየት ይቸገራል። በበሩ በስተቀኝ ረጅም አጥር ወይም ቁጥቋጦ መተው አደገኛ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሕፃናት ደኅንነት ነው። በሞቃት አገር ሕፃናት የሚጫወቱት ጥላ ባለበት ነው፤ የቆመ መኪና ሥር ደግሞ ጥላ አለ። በገዳሪፍ ዙሪያ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ አንድ ሕፃን ከመኪና ሥር ገብቶ ቢተኛ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ የሕፃናቱ መጫወቻ ከመኪናው መንገድ በዝቅተኛ አጥር ተለይቶ፥ በቤቱ በሌላው ወገን፥ የራሱ ጥላ ሊሠራለት ያስፈልጋል። በዚያ አገር ሰዎች ራኩባ የሚሉት፥ በእንጨት ላይ ገለባ ወይም ሣር የተረበረበበት ዳስ ለዚህ ይጠቅማል። የቤቱ፥ የማድ ቤቱና የመጸዳጃው በር በቀጥታ ወደ መኪናው መንገድ መከፈት የለበትም። ሾፌሩም መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት በእግሩ ዞሮ ከፊት፥ ከኋላና ከሥር መመልከትን ልማዱ ሊያደርግ ይገባል። ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያልተደረገ እንደ ሆነ ግን የሚያደርሰውን ጉዳት ዕድሜ ልክ መመለስ አይቻልም። መኪና ማቆሚያውም ከማድ ቤት ይራቅ፤ ነዳጅ ያለበት ጀሪካን እሳት በሚነድበት አጠገብ አይቀመጥ።

በአንድ ግቢ የተነገረው ሁሉ ለመንደርም ይሠራል። በአደጋ ጊዜ ለሚሠሩ መጠለያዎች የወጣው፥ ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ፥ ለእያንዳንዱ ሰው መንገዱንና የጋራ ቦታውን ጨምሮ 45 ካሬ ሜትር እንዲመደብ ይመክራል። ቤቶች በተሠሩበት በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ እንዲተው ይላል። ይህ ባዶ ቦታ እሳት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያደርጋል። ሕዝብ በድንገት በሚሰፍርበት ጊዜ ግን ድንኳን ባዶ በተገኘው ቦታ ሁሉ ይተከላል፤ መንገዱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ቦቴው ውሃ ወደሚራገፍበት ሮቶ መድረስ ካልቻለ፥ ጀሪካን ይዞ በተሰለፈው ሕዝብ መካከል ወደ ኋላ ለመሄድ ከተገደደ፥ ችግሩ የሾፌሩ ሳይሆን የአቀማመጡ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፥ በግቢ ውስጥ ያልተሠራበት ቦታ ሁሉ የባከነ አለመሆኑን ነው። መዞሪያው ባዶ ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀን ስለሚያስፈልግ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ በሽተኛ የሚጫንበት ወይም እሳት የሚጠፋበት ቀን ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪው ከየት እንደሚገባ፥ የት እንደሚዞርና የት እንደሚቆም አስቀድሞ ለክቶ፥ ቤቱን ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሰው፥ ለራሱ ምቾት፥ ለልጆቹም ሕይወት አስቧል ማለት ነው።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. መኪና የሌለው ቤተሰብ የመኪና መግቢያ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. መኪና በሚዞርበት ጊዜ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ የማይከተለው በምን ምክንያት ነው?
3. በምሳሌው ውስጥ ቅርንጫፉ ባይኖር ፒካፑ እንዴት ሊወጣ ይችል ነበር? የሚያስከትለውን አደጋ ግለጹ።
4. ዋልካ አፈር በበጋና በክረምት የሚያሳየውን ጠባይ አነጻጽሩ።
5. «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዱ።

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም እያስገባችሁ የየራሳቸውን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ችካል፥ ገረጋንቲ፥ ዱካ፥ ተሳቢ፥ ቦቴ፥ ቀዬ

መልመጃ ሦስት፦ የትምህርት ቤታችሁን ወይም የመኖሪያ ግቢያችሁን በሜትር ለክታችሁ ንድፉን ሣሉ። ተሽከርካሪ የሚገባበትን፥ የሚዞርበትንና የሚቆምበትን ቦታ፥ እንዲሁም ሕፃናት የሚጫወቱበትን ቦታ አመልክቱ። ከዚያም ሊሻሻል የሚገባውን ነገር ከነምክንያቱ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።